የኢዮብ ወዳጆች ምን አጠፉ?

መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት። በኢዮብ ላይ የደረሰውን የሚተርኩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀረው፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥሮች በስተቀር፣ ንግግር ነው፤ አብዛኛውም ለማጽናናት የመጡ ሰዎች ከሐዘንተኛው ጋር የገጠሙት ክርክር ነው። መጽሐፉ በትዕግስት ቢታወቅም ሰፊውን ቦታ የሰጠው ማጽናናት እንዴት እንደሚበላሽ ለማሳየት ነው። ክርክሩ የሚሽከረከረውም እግዚአብሔር የሁሉ ገዥ በመሆኑ ዙሪያ ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ትምህርት መግቦት ይሉታል፤ የወንጌላውያን ሰባኪዎች ደግሞ ሉዓላዊነት ማለትን ይመርጣሉ።

ኢዮብ በኢትዮጵያ ለማንም እንግዳ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያው ግንቦት 2 ቀን ይከበራል። ሙስሊሞች ነቢዩ አዩብ ይሉታል፤ ስሙም በቁርኣን በአራት ሱራዎች ይነሳል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ከኖኅና ከዳንኤል ጋር ይጠራዋል፣ ያዕቆብም በመልእክቱ የጽናት ምሳሌ አድርጎ ያነሳዋል። ይህ ሁሉ ዝና ግን አንድ ጉዳት አምጥቷል፤ በሰው አእምሮ የቀረው ሁሉን ዝም ብሎ የቻለው ኢዮብ ነው። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደባትን ቀን የሚረግመው፣ ከፈጣሪው ጋር ለፍርድ መቆም የሚሻው፣ አልበደልሁም ብሎ የሚምለው ኢዮብ ተረስቷል ማለት ይቻላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ዖፅ በሚባል አገር ነው። ሰውየው 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 እንስት አህዮች አሉት፤ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዷል። በአንድ ቀን አራት መልእክተኞች እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። በሬዎቹንና አህዮቹን የሳባ ሰዎች ዘርፈዋል። በጎቹን ከሰማይ የወረደ እሳት በልቷል። ግመሎቹን በሦስት ጭፍራ የመጡ ከለዳውያን ነድተዋል። ልጆቹ የተሰበሰቡበትን ቤት ደግሞ ከምድረ በዳ የተነሳ ዐውሎ ነፋስ ጥሎባቸዋል። የሰው እጅ ያደረሰው ጥፋትና የተፈጥሮ አደጋ እየተፈራረቁ መቅረባቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ መጽሐፉ አንዱን ለእግዚአብሔር፣ ሌላውን ለዕድል አላከፋፈለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት በሰማይ የተደረገ ንግግር አለ። ሰይጣን የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በከንቱ ነውን? አጥሩ ተነቅሎ፣ በረከቱ ተወስዶ ቢታይ ያን ጊዜ ይለይለታል ባይ ነው። አንባቢ ይህን ያውቃል። ኢዮብ አያውቅም፤ መጽሐፉ እስኪያልቅ ድረስም ማንም አይነግረውም። ወዳጆቹም አያውቁም፤ ነገር ግን የሚያውቁ ይመስላቸዋል። የክርክሩ መራራነት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የኢዮብ የመጀመሪያ ምላሽ የታወቀ ነው። ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ላይ ተደፍቶ ሰገደ፤ የሰጠውም የወሰደውም እግዚአብሔር መሆኑን ተናግሮ ስሙን ባረከ። በኋላ ሰውነቱ በቍስል ሲመታና በአመድ ላይ ሲቀመጥም በዚያው ጸና። ሚስቱ እግዚአብሔርን ሰድቦ እንዲሞት በመናገሯ በስብከት ሁሉ ስትወቀስ ኖራለች። ፍርዱ ትንሽ ችኩል ይመስላል፤ በአንድ ቀን የሞቱት አሥሩ ልጆች የእርሷም ነበሩ። የጥንቱ የግሪክኛ ትርጉም ለእርሷ ረዘም ያለ ንግግር መጨመሩ ሐዘኗን ያስተዋለ ሰው በዚያ ዘመንም እንደነበረ ያሳያል።

ሦስቱ ወዳጆች ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ፤ ቴማናዊው ኤልፋዝ፣ ሹሐዊው በልዳዶስና ናዕማታዊው ሶፋር። ተቀጣጥረው፣ እያንዳንዱ ከየአገሩ ተነስቶ ነው የመጡት። ከሩቅ ሲያዩት መለየት አቃታቸው። ጮኸው አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ በራሳቸው ላይ ትቢያ ነሰነሱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሐዘኑ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እስከዚህ ድረስ እንከን የለባቸውም። እንዲያውም እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማጽናናት አልተደረገም።

ዝምታውን የሰበረው ኢዮብ ነው። ምዕራፍ 3 ሙሉ ለሙሉ እንጉርጉሮ ነው፤ ምነው ባልተወለድሁ የሚል፣ ለተጨነቀ ሰው ብርሃን ለምን ይሰጠዋል ብሎ የሚጠይቅ። መልስ የሚፈልግ ንግግር አይደለም። ኤልፋዝ ግን መለሰ፤ ጥፋቱም የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ኤልፋዝ ከሦስቱ ጨዋው ነው። ሲጀምርም ኢዮብን ያመሰግነዋል፤ ብዙዎችን እንዳስተማረ፣ የደከሙ እጆችን እንዳበረታ ያስታውሰዋል። ወዲያው ግን አሁን በራሱ ላይ ሲደርስ እንዴት ታከተው ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላውን ያጽናና የነበረ ሰው በራሱ ቀን ሲሰበር ይህ ነቀፋ ከሌላ ነቀፋ ይልቅ ዘልቆ ይሰማል። ከዚያም በሌሊት ስላየው ራእይ ይናገራል፤ ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው ብሎም ይጠይቃል። በልዳዶስ በርትቶ ይመጣል፤ የኢዮብ ልጆች ምናልባት በድለው ይሆናል፣ የበደላቸውንም ዋጋ አግኝተዋል ይላል። ይህ የሚነገረው ልጆቹን ገና ለቀበረ አባት መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ሶፋር ደግሞ እግዚአብሔር ከበደሉ ያነሰ ቅጣት እንደቀጣው ይነግረዋል።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ በሦስት ዙር ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥርም ይከፋል። በምዕራፍ 22 ጨዋው ኤልፋዝ እንኳ ማስረጃ የሌለው ክስ ይደረድራል፤ ኢዮብ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰድዷል፣ ከወንድሞቹ መያዣ ወስዷል፣ ለተጠማ ውኃ ከልክሏል ይላል። አንዱንም አላየም። ግን ትምህርቱ ትክክል ከሆነ ኢዮብ መበደል አለበት፤ ስለዚህ በደል ይፈለግለታል። በሦስተኛው ዙር የበልዳዶስ ንግግር ስድስት ቁጥር ብቻ ሆኖ ያልቃል፤ ሶፋር ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ቃላቸው ነጠፈ። ኢዮብ በምዕራፍ 6 ወዳጆቹን የመሰለበት ምሳሌ እዚህ ላይ ይፈጸማል፤ በክረምት ሞልቶ የሚሄድ፣ በበጋ ግን የሚደርቅ ወንዝ፣ የቴማ ነጋዴዎች ተማምነውበት ጉዞ ጀምረው ሲደርሱ ያጡት ውኃ። 

አራተኛው ተናጋሪ ወጣቱ ኤሊሁ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ይናገራል፤ መከራ ሰውን ከባሰ ጥፋት የሚመልስ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል የሚል የተሻለ ሐሳብ ያመጣል። መልስ የሚሰጠው ግን የለም፤ በመጨረሻው ፍርድም ስሙ አይነሳም።

በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ይመልሳል። መልሱ የሚጠበቀው ዓይነት አይደለም። በሰማይ ስለተደረገው ንግግር፣ ስለ ሰይጣን፣ ስለ ልጆቹ ሞት ምክንያት አንድም ነገር አያነሳም። በምትኩ ይጠይቃል፤ ምድር ስትመሠረት ኢዮብ ወዴት ነበር? ባሕርን በመዝጊያ የዘጋው ማን ነው? የበረዶውን ግምጃ ቤት ገብቶ አይቷልን? ከዚያ ወደ እንስሳት ይዞራል፤ አንበሳ፣ ቍራ፣ የዱር ፍየል፣ ለከተማ ጫጫታ ደንታ የሌላት የሜዳ አህያ፣ ዕንቁላልዋን በአሸዋ ላይ ትታ የምትሄድ ሰጎን፣ የጦርነት ፈረስ፣ ንስር፤ በመጨረሻም ሰው ሊገራቸው የማይችሉት ብሔሞትና ሌዋታን። ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ እንደሚዘንብ የሚናገረው ክፍል በተለይ ያስገርማል፤ የእግዚአብሔር ግዛት በሰው ጥቅምና ጉዳት ብቻ እንደማይለካ በዚህ አንድ ነገር ይታያል። ኢዮብ የፈለገውን ማብራሪያ አላገኘም። የፈለገውን ፊት ለፊት መገናኘት ግን አገኘ፤ ከዚያም እጁን በአፉ ላይ አደረገ።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ የመጽሐፉ ያልተጠበቀ መታጠፊያ ነው። እግዚአብሔር የተቆጣው በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ሆነ፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ባሪያው ኢዮብ እንጂ እነርሱ አለመሆናቸውን ነገራቸው። ያማረረው፣ የተሟገተው፣ ፍረድልኝ ያለው ሰው ጸደቀ። እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የዋሉት ሦስቱ ግን ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ።

የወዳጆቹ ትምህርት ግን በየዐረፍተ ነገሩ ቢመዘን አብዛኛው ስህተት አይደለም። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ኃያል ነው፣ ሰው በፊቱ ንጹሕ አይደለም፤ ይህን መዝሙረ ዳዊትም ምሳሌም ይላሉ። የተበላሸው ትምህርቱ የተነገረበት ስፍራ ነው። የሰጠም የወሰደም እርሱ ነው የሚለው ቃል ከኢዮብ አፍ ሲወጣ እምነት ነበር፤ የተናገረው የጠፋበት ሰው ነው። ያው ሐሳብ ምንም ካልጠፋበት እንግዳ አፍ ሲወጣ ክስ ሆነ። በእግዚአብሔር ገዥነት መታመን ሐዘንተኛው ራሱ በጊዜው የሚደርስበት ኑዛዜ ነው፤ አጽናኙ ቀድሞ ሊናገርለት አይችልም።

የዮሴፍ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞላው፤ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለት የረሃብ ዓመታት አልፈው ለወንድሞቹ ሲገለጥ 39 ደርሷል። እነርሱ ለክፉ ያሰቡትን እግዚአብሔር ለመልካም እንዳዋለው የተናገረው ከ22 ዓመት በኋላና ከዚያም ወዲህ ነው። የተናገረውም እርሱ ነው። ወንድሞቹ ገና በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ይህ የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው ቢሉት ኖሮ ንግግሩ በበደል ላይ የተጨመረ ሌላ በደል ይሆን ነበር። ዮሴፍ ሲናገርም የእነርሱን ክፋት ክፋት ብሎ ነው የጠራው፤ የእግዚአብሔር መግቦት የሻጮቹን ዕዳ አልሰረዘም። በጦርነት ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ልጁ ለተገደለበት ሰው ሁሉም ከእግዚአብሔር ነው ብሎ ማለፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ያቃጠለውንና የገደለውን ነው።

ለሌላው ተስፋ መስጠትስ? እዚህ ላይ ከመጽሐፈ ኢዮብ ይልቅ የነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ ይረዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥና ብዙ ሹማምንት፣ ጠራቢና ብረት ሠሪ ማርኮ ወሰደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ተነስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ እንደሚመለሱ አወጀ፤ ኤርምያስ በአንገቱ ላይ ያደረገውን የእንጨት ቀንበርም ሰበረው። ኤርምያስ በመጀመሪያ የመለሰለት አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ ብሎ ነው፤ ደስ የሚለውን ዜና እርሱም ይወደው ነበር። ነገር ግን እውነት አልነበረም። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ምርኮውም ቀጠለ።

ኤርምያስ ራሱ ለባቢሎን ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ፣ በምዕራፍ 29 ያለው፣ ሌላ ዓይነት ተስፋ ነው። ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ይመክራል። የመመለሻውን ዘመን 70 ዓመት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ደብዳቤውን ካነበቡት ጎልማሶች አብዛኞቹ ያን ቀን አያዩትም ማለት ነው። በየቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ የሚታየው፣ የሰላም እንጂ የክፉ ያልሆነ አሳብ የሚናገረው ቁጥር የተወሰደው ከዚሁ ደብዳቤ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታወስም። ለታመመ ሰው በዚህ ሳምንት ትነሳለህ፣ ለስደተኛ ወረቀትህ በፋሲካ ይደርሳል ብሎ ቀን የሚቆርጥ ሰው በሐናንያ መንገድ ነው የሚሄደው። ቀኑ ሲያልፍ የሚሰበረው የሰውየው እምነት ነው፤ ቀን ቆራጩ ግን እምነትህ ስላነሰ ነው ብሎ የኤልፋዝን ክስ ይጨምርበታል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ኢየሱስ አልዓዛር ከሞተ በአራተኛው ቀን ቢታንያ ደረሰ። ሊያስነሳው እንደሆነ ያውቃል፤ ለደቀ መዛሙርቱም አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ሆኖም ማርያም ስታለቅስ አይቶ አለቀሰ። መጨረሻውን ማወቅ እንባን እንደማያስቀር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን ነው ያዘዘው፤ እንባቸውን ማስቆምን አላዘዘም።

የኢትዮጵያ የለቅሶ ሥርዓት በዚህ በኩል ከኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ጋር ይቀራረባል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ያመጣል፤ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይገባል፤ ለቅሶ ደራሹ ሰላምታ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ሳይናገር ይውላል፣ ሲነሳም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ይወጣል። ይህ የስንብት ቃል ጸሎት ነው፤ ለሞቱ ምክንያት አያቀርብም። ችግር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ዝምታው ሲከብድ ነው። አንዱ ይበቃል አታልቅሺ ይላል፣ ሌላው ልጅ ለሞተባት እናት ሌላ ትወልጃለሽ ይላል፤ ሦስተኛው ምን አድርገው ይሆን ብሎ ከድንኳኑ ጀርባ የበልዳዶስን ጥያቄ ያንሾካሹካል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሥርዓቱን ይዘውት ሄደዋል። በዋሽንግተን ወይም በለንደን መርዶ በስልክ ለሐዘንተኛው አይነገርም፤ ቤተሰብ ከአገር ቤት ለጓደኞቹ ደውሎ እነርሱ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ፣ ከሥራ አስፈቅደው አብረውት ይቀመጣሉ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ፣ ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጭ ደጅ የማትወጣ ልጅ ግን ይህን አታገኝም። የእናቷን ሞት በስልክ ትሰማለች፣ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ሐዘንተኛ በየምሽቱ እየደወለ፣ የምትለውን እየሰማ አብሯት የሚቆይ ሰው ድንኳኑን ይተካል፤ በደወለ ቁጥር ጥቅስ ማንበብ አይጠበቅበትም።

በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ የሆነው ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ኢዮብ ስለ ወዳጆቹ ሲጸልይ ነበር ኑሮው የተመለሰው። ከዚያም ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ የቀድሞ ጓደኞቹም ሁሉ ወደ ቤቱ መጥተው አብረውት እንጀራ በሉ፣ አጽናኑት፣ እያንዳንዳቸውም ጥሬ ብርና የወርቅ ቀለበት ሰጡት። ያሉት ቃል አልተመዘገበም፤ የተመዘገበው የበሉትና የሰጡት ነው። በጎቹ፣ ግመሎቹ፣ በሬዎቹና አህዮቹ በእጥፍ ተመለሱ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ሰባትና ሦስት ናቸው፤ የሞቱት አሥሩ በሌላ አሥር ተተኩ የሚል ቃል መጽሐፉ አልጻፈም።

የሐዘን ድንኳን የሚተከለው ግን ለሞት ብቻ ነው። ለከሰረ ነጋዴ፣ ለተፈታች ሴት፣ አእምሮው ለታወከ ልጅ ቤተሰብ፣ የት እንደደረሰ ለማይታወቅ ስደተኛ ወላጆች እድር አይጠራም፤ ሰው የሚመጣው ራሱ ወስኖ ሲመጣ ብቻ ነው። ኢዮብም ልጆቹን ከማጣቱ ሌላ ንብረቱንና ጤናውን አጥቶ ነበር። ወንድሞቹ እንደራቁት፣ አገልጋዮቹ ሲጠራቸው እንዳልመለሱለት፣ ሕፃናት እንኳ እንደናቁት በምዕራፍ 19 የሚዘረዝረው በዚያው ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው፤ እንጀራና ወርቅ ይዘው የመጡት ዘመዶች በዚያ ጊዜ በዙሪያው አልነበሩም።